ወደ ኋላ አስተላልፉ

«ጉድጓድ!» ይላል ከፊቴ ያለው አናጺ፣ እጁን ወደ መሬት እየጠቆመ። «ጉድጓድ!» እላለሁ እኔም። ከኋላዬ የምትነዳው የሚስቴ ታናሽ እህት ትቀበለኛለች፣ ከእሷ ደግሞ ሌላው፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰልፋችን ጭራ ይደርሳል። ሕጉ ነው። ጠዋት ስንነሳ አስተባባሪው አፉ እስኪደርቅ ነግሮናል፦ ከፊታችሁ የሰማችሁትን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሳትጠይቁ ወደ ኋላ አስተላልፉ። ስልሳ ብስክሌት ነጂ ነን። ከኋላ ያለው መንገዱን አያይም፤ የሚነዳው የሰማውን አምኖ ነው።

እኔ ወድጄ አልመጣሁም። ስሜን ያስመዘገበችው የሚስቴ እህት ናት። በጉዞው የሚሰበሰበው ገንዘብ ለኩላሊት እጥበት ማሽን መግዣ ነው አለችኝ፤ ሚስቴ ተራ ስትጠብቅ ሕይወቷ ላለፈበት የሆስፒታል ክፍል። እንዲህ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ብስክሌቴ ፀጉር ቤቴ ጓሮ ጎማው ተንፍሶ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። የኋላውን መቀመጫ ባዶ ይዤ ዳግመኛ አልነዳም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ይኸው ማልኩ፣ ይኸው እየነዳሁ ነው።

ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ሲጥ ሲጥ ይላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የሚስቴ እህት አትምረኝም፤ ፀጉር ስትቆርጥ የምታወራውን ያህል ብትነዳ እኮ እስካሁን ደርሰህ ነበር ትለኛለች። ፔዳሉን እየረገጥኩ እወጣለሁ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። ፔዳሉ ይቀለኛል፣ ነፋሱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ይነፋዋል፣ የመንገዱ ዳር ዛፎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ደስ ይለኛል። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይለኛል! በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሐዘኔ ላይ፣ ድምፄን አውጥቼ እስቃለሁ። አናጺው ዞር ብሎ አይቶኝ እሱም ይስቃል።

«ጉብታ!» ይላል ወዲያው።

ከእኔ አፍ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። «ተነሺ!»

አሥራ አንድ ዓመት ያልኩት ቃል ነው። ሚስቴ ከኋላዬ ወገቤን ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። ጉብታ ሲመጣ ተነሺ እላታለሁ፣ እንዳያነጥራት ከመቀመጫው ብድግ ትላለች። ታማ ሕክምና ስወስዳት እንኳ፣ አቅም አጥታ መነሳት ያቃታት ጊዜ እንኳ፣ ማለቱን አልተውኩም። አሁን አፌ እሷን ጠራ። ለካ ደስ ያለኝ ከኋላዬ ያለች መስሎኝ ኖሯል።

ላርመው አፌን ስከፍት ጎማዬ ጉብታው ላይ ወጥቶ ያነጥረኛል። የሚስቴ እህት ቃሉን ታውቀዋለች፣ ቤታችን በመጣች ቁጥር ስታሾፍብን የኖረችበት ነው። እንግዲህ ታርመዋለች፣ ጉብታ ትላለች ብዬ እጠብቃለሁ።

«ተነሺ» ትላለች፣ በተሰበረ ድምፅ።

ከእሷ ኋላ ያለው ጎልማሳ በወፍራም ድምፁ ተነሺ ይላል። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ማንን እንደሚያስነሱ አያውቁም፣ አይጠይቁምም፤ ሕጉ ነው። ዞሬ አላይም። መሪውን ጨብጬ፣ እንባዬ በነፋሱ ወደ ጆሮዬ እየሄደ፣ አዳምጣለሁ። ተነሺ፣ ተነሺ፣ ተነሺ እያለ ቁልቁለቱን ሙሉ ከእኔ ይርቃል፣ ይቀጥናል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ከሩቅ ትለዋለች። ከእሷ ኋላ የሚቀበላት የለም።