ከመርዶው በፊት

ሀቢሶ ሳህኑን ወደ ሚስቱ ገፋ አድርጎ «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አላት።

ፅናት ሳቀች። «ቆይ እንጂ! ሳንጸልይ?»

ዓይኗን ጨፈነች። የበሬ ጭራ ወጡ፣ ሩዙና የተጠበሰው ሙዝ ከፊቷ ይጨሳሉ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ምግቡ አመሰገነች፤ ስለ ሱቃቸው አመሰገነች፤ በመጨረሻም እንደ ሁልጊዜው «እማዬንም እስክሄድላት ድረስ በጤና አቆይልኝ» አለች። ሀቢሶ በአሜን ፈንታ ብርጭቆውን አነሳ። ዓይኗን ስትገልጥ ውሃ እየጠጣ ነበር።

እናቷ ሐሙስ ማታ ሆሳዕና ውስጥ አርፈዋል። ሀቢሶ የሰማው ትናንት፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው። የቸርቻቸው ሽማግሌ አቶ ዱካሞ በስደት አገር ቴምቢሳ ሰፈር ያለችው የባልና ሚስቱ ትንሽ ሱቅ፣ ስፓዛዋ፣ ድረስ መጥተው፣ ወደ ውጭ ጠርተው ነገሩት። «እሑድ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳታለን» አሉት። «እስከዚያ ከሰው አርቃት። ስልኳን ያዝ። ደግሞ አብላት፤ ከዚያ በኋላ እህል አይወርድላትም።»

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መብራት የለም ብሎ ሱቁን ዘጋ። ስልክሽን ላሠራልሽ ብሎ ወሰደባት። ምሳ እንብላ ሲላት ግን የት እንደሚወስዳት ጨነቀው። ጄፒ ጎዳና ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ገና ከበሩ አንዱ ሳያውቅ «ጌታ ያጽናሽ» ይላታል። ሐበሻ የማይገባበት ቤት ፈልጎ ብሪክስተን ዳገት ላይ ወዳሉት ጃማይካዎች ምግብ ቤት አመጣት። ጠባብ ቤት ናት። አሮጊቷ ሚስ ፐርል ያበስላሉ፣ ምራታቸው ትጠብሳለች፣ ልጃቸው ያስተናግዳል።

ፅናት አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች። «ይኸን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ አስበህልኝ አታውቅም» አለች። ስሞታ አልነበረም። ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየች፣ እያጣጣመች በላች።

«የመኖሪያ ወረቀቴ ወጥቶ ታኅሣሥ ላይ ስሄድ እማዬን ሐዋሳ ነው የምወስዳት» አለች። «ሐይቁ ዳር ዓሣ አበላታለሁ። ምግብ ቤት ገብታ አታውቅም እኮ! አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ሲመጣ ተነስታ ልትቀበለው ነው። ‹አንተ ልጅ ቁጭ በል፣ ደክሞሃል› ትለዋለች።»

በሳቋ መሐል አፏን በእጇ ሸፈነች። ሀቢሶም ለመሳቅ ሞከረ።

«ብዪ» አላት። ከራሱ ሳህን ሥጋ አንስቶ ጨመረላት። «ትንሽ ጨምሪ፣ ምንም አልበላሽም።»

«አንተ ነህ ያልበላኸው።»

«እበላለሁ። አንቺ ብዪ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ያልተነካውን ሳህኑን አየች፤ ቀጥላ ፊቱን አየች። ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው የሙርሺዳ ወንድም ዳቬይተን ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ሲገደል፣ ሙርሺዳን ከመርዶው በፊት እህል እንድታስቀምሳት የተላከችው ፅናት ነበረች። እንቁላል ጠብሳ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ «ብዪ፣ ትንሽ ጨምሪ» ስትላት ነው ያነጋችው። እሷ ራሷ ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም ነበር።

«ሀቢሶ» አለችው። «ማን ነው?»

እንዲል የተመከረውን ሁሉ ያውቀዋል። የለም፣ ምን ሆንሽ፣ ሆዴን አሞኝ ነው። ሁሉንም ተወው።

«እማዬ» አላት።

«ተቀበረች?»

«ትናንት።»

መንገድ ጠይቃ እንደተነገራት ሰው ራሷን ነቀነቀች። ዙሪያዋን ቃኘች። መስኮቱ ጋ አንድ ቤተሰብ እየተሳሳቀ ይበላል። ከወጥ ቤቱ በላይ ከተሰቀለው ድምጽ ማጉያ ዘፈን ይሰማል። እጇን ወደ ደረቷ አነሳችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ነው የማለቅሰው?» አለችው።

«ተነሽ፣ ቤት እንሂድ።»

«መንገዱስ በሰው የተሞላ አይደል?»

ሚስ ፐርል እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። የተተወውን ሳህን፣ ቀጥለው የፅናትን ዓይን አዩ። «በርበሬው በዛብሽ እንዴ ልጄ?» አሉ በእንግሊዝኛ።

ፅናት ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«እናቷ ናቸው፤ አገር ቤት» አላቸው ሀቢሶ። «አሁን ነው የነገርኳት።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞረው እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ዘፈኑ ጠፋ። ወንበር ስበው ጉልበታቸው ጉልበቷን እስኪነካ ተጠግተው ተቀመጡ።

«ስማቸው ማን ነበር?»

ፅናት ግራ ገባት። በዚህ አገር ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። እሷም ራሷ ከእማዬ ሌላ ጠርታቸው አታውቅም።

«እናትነሽ» አለች በቀስታ።

«ኢናቲ...»

«እናትነሽ።»

«ኢና-ኔሽ?»

«አይደለም። እናትነሽ» አለች ፅናት ጮክ ብላ። አሮጊቷ ከንፈሯን እያዩ ደገሙት፤ አሁንም ተሳሳቱ። «እናትነሽ!» አለች። «እናትነሽ! እናትነሽ!» ከዚያ በኋላ ማስተማሩ ቀረ። ድምጿ ጣራውን ነካ፣ እጇ ደረቷን አገኘ፤ እናቷን ጠራቻቸው።

መስኮቱ ጋ ያሉት ሹካቸውን አስቀመጡ። ማንም አልወጣም። ሀቢሶ ተነስቶ፣ ልቅሶ ቤት እንደሚቆመው፣ እጁን አጣምሮ አጠገቧ ቆመ። ሚስ ፐርል ራሷን ደረታቸው ላይ ደግፈው፣ ስሙን እያዛነፉም ቢሆን፣ አብረዋት ይጠሩ ነበር።