ባሮ ሽንኩርቱ የገባበት ባልዲ

ባልዲው ሞልቷል። ወንዶቹ ተማሪዎች አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ እንደ አገሩ የበዓል ልማድ ደረታቸው ላይ የሰኩትን ባሮ ሽንኩርት እየነቀሉ ይጥላሉ፤ አዲሱ ርዕሰ መምህር ሚስተር ሃርግሪቭ ባልዲው አጠገብ ቆሞ አንድም እንዳያመልጠው ያያል።

“ጉድ እኮ ነው!” ይላል ማልድዊን፣ ግንብ የሚያክለው የራግቢ ተጫዋች፣ የራሱን እየጣለ። “ዌልስ ውስጥ፣ በቅዱስ ዴቪድ ቀን፣ ሽንኩርት ወንጀል ሆኖ አረፈው!”

“ዝም ብለህ ግባ! አምና እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው አሉ የወጡት። ዘንድሮ አታዋርዱኝም” ይላል ርዕሰ መምህሩ።

የተማሪዎች አለቃዋ ኔስታ መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። ሴቶቹ የሚሰኩት ቢጫ አበባ ነው፤ አበባ ስለማይሸት የሚነካቸው የለም። የትምህርት ቤቱን ታሪክ ለእንግዶቹ የምታነበው ዘንድሮ እሷ ናት፤ ከዚህ በፊት ሴት አንብባው አታውቅም። በልማዱ በየዓመቱ አንባቢው የመሥራቹን ስም ሲጠራ ባሮ ሽንኩርት ይገምጣል፣ አዳራሹ ሁሉ አብሮት ይገምጣል። መሥራቹ ከብት ነጂ ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ የሚያበላው ሌላ ነገር አልነበረውም ይባላል።

“አንቺ አንብበሽ ትቀመጫለሽ” ይላታል ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ድራማ አልፈልግም። ለኮሌጁ የምጽፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ ገና አልተፈረመም።”

“ገብቶኛል።”

በደንብ ገብቷታል። ያለዚያ ደብዳቤ ኮሌጅ የለም። እናቷም በጎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን ሊቀበል ዞር ሲል ግን የኔስታ እጅ ባልዲው ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

መድረኩ ላይ ወጥታ ወረቀቱን ትዘረጋለች። “ይህን ትምህርት ቤት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የመሠረተው ከብት ነጂው ግሪፊዝ...” ትልና ትቆማለች። ወንዶቹ ባዶ እጃቸውን ያያሉ። ያኔ ንዴቱ ይመጣባታል። ይህን ያህል ዘመን ሲበላ ኖሮ፣ ተራው ሴት ልጅ ጋ ሲደርስ ነው የሸተተው?

የደበቀችውን ባሮ ሽንኩርት ከእጅጌዋ መዝዛ ትገምጠዋለች። አፏ ይቃጠላል፣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ማኘኳን ግን አታቆምም።

“ኔስታ! አሁኑኑ ውረጂ!”

“አፌ ሙሉ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ።”

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ማልድዊን ከመቀመጫው ይነሣና በሩ ጋ ሄዶ ባልዲውን ያነሣል። “ያዝ! አሳልፍ!” ባልዲው በየረድፉ ይዞራል። እናቷ ጋ ሲደርስ እሷም ወፍራሙን መርጣ ታወጣለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ከእንግዶቹ አንዱ መሐረቡን ያወጣል።

ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ደም መስሏል። “የተማሪዎች አለቃ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ! ባጁን አምጪ! ደብዳቤውንም እርሺው!”

ያማታል፤ እንዴት አያማት። የአለቃነት ባጁን ግን ማንም ሳይነካት ራሷ ትፈታውና መድረኩ ጫፍ ላይ ታስቀምጥለታለች። በባጁ ቦታ ከአፏ የተረፈውን ባሮ ሽንኩርት ትሰካለች።

ከዚያ አፏን በመዳፏ ጠርጋ ወረቀቱን ታነሣለች። ያለችው ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ይቀራታል።