የምድር ቤቱ ልምምድ

«ማነው የሚያንኳኳው?» አለ አዘጋጁ ከአዳራሹ ወንበሮች መሀል። «ማንኳኳቱ ደስ ይላል። ግን ዜማው ላይ አትምጡብኝ።»

የማንኳኳው እኔ መስዬው ነበር። እኔ ደግሞ የመድረክ ሠራተኞቹ መስለውኝ ነበር። መድረኩ ላይ በኮምፔንሳቶ ጣውላ በተሠራው የውሸት ምድር ቤት ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ፣ የመሞቻዬን ዜማ እየዘፈንኩ ነበር።

የምንለማመደው ኦፔራ፣ ሙሉው በዘፈን የሚተወን ድራማ፣ የጥንት ነው፤ አንድ ንጉሥ የገዛ ልጁን ከነሕይወቷ መቃብር ውስጥ አስገብቶ ያስዘጋባታል። አዘጋጃችን ግን «ዘውድና ካባ ዛሬ ማንን ያስለቅሳል?» ብሎ ታሪኩን አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ወደነበረው ጦርነት ዘመን አመጣው። ልዕልትነቴ ቀረና ቦምብ ቤት የናደባት የሰፈር ልጅ ሆንኩ። መቃብሩም ምድር ቤት ሆነ።

ካፖርቴን የሰፉልኝ የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የዘመኑን አለባበስ የሚያሳይ ፎቶ ስንሰጣቸው ሳያዩት «አውቀዋለሁ» አሉ። ልኬን እንኳ አልወሰዱም። ስለብሰው ግን ልክክ አለ። ሲቆልፉልኝ ኮሌታውን ደጋግመው ዳበሱት፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁንም ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቆም አለ። ከዚያ ሁለት ጊዜ።

የመድረክ ሠራተኞቹ አለቃ ከምድር ቤቱ ጀርባ ዞሮ አየ። «ኧረ እዚህ ማንም የለም» አለ። ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። «ከውስጥ ነው። አንቺ ነሽ እንዴ?»

ሁለቱንም እጆቼን አንስቼ አሳየሁ። ፒያኖው ዝም አለ። ማንኳኳቱ ግን አላቆመም፤ ጣውላው ሲርገበገብ በጀርባዬ ይሰማኝ ነበር።

እማማ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ገበር ይሰፉ ነበር። ሥራቸውን አስቀምጠው ወደ መድረኩ ወጡ።

«እናቴ ቧንቧ ነው ብላኝ ነበር» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ከምትወደው ልጅ ጋር ምድር ቤት ተደብቀው ሳሉ ቤቱ ተናደባቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ልክ እንዲህ ተንኳኳ። እናቴን ‹እሷ ናት› ብላት፣ ‹ቧንቧ ነው፤ አፍሽን ያዢ፣ ወታደሮቹ ይሰሙናል› አለችኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ዝም አለ።»

እማማ ከኋላዬ ዞሩ። አሁን አላያቸውም፤ በመካከላችን ያለው የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ጣውላ ነው። ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ከዚያ ሁለት።

«እታለም» አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ። «እኔ ነኝ። ያኔም ሰምቼሽ ነበር።»

መዳፋቸውን ጣውላው ላይ ሲያሳርፉ ሰማሁ።

«ጦርነቱ አልቋል፣ እታለም። ወታደሮቹም ሄደዋል። እናታችንም አርፋለች። አሁን ማንም አይቆጣንም።»

ማንኳኳቱ ቆመ።

ምድር ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ትንፋሼን ውጬ ነበር። ከማጅራቴ በስተኋላ፣ ጠጉሬን እስኪያነቃንቀው ድረስ በቅርብ፣ አንድ ሰው ለብዙ ዘመን አምቆ የያዘውን ትንፋሽ ቀስ ብሎ ለቀቀው።