ገልብጣችሁ እዩት

የጥናቱ ጽሑፍ ከመጽሔቱ የተሰረዘው ማክሰኞ ዕለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ተመራማሪው ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረረ። ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ አበባ ያለበት የመጋረጃ ጨርቅ ትገጣጥም ነበር። ደንበኞቿ ሥራዋን የሚወዱላት መጋጠሚያው የት እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው።

ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሲጠየቅ ሰንብቶ አጥንቱ ድረስ ደክሞታል። ነገሩ የሁለት ፎቶ ጣጣ ነው። አንደኛው በአዲሱ መድኃኒት የዳነ የጥንቸል ኩላሊት፣ ሌላው ድሮም ጤነኛ የነበረ ኩላሊት ተብሎ ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ግን አንድ ፎቶ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ ተዘቅዝቆ ነው የገባው። ሦስት ገምጋሚዎች አላዩትም። ገምጋሚ ደግሞ መቼም ሥራ ይበዛበታል።

በሰው ላይ ሊጀመር የነበረው ሙከራም አብሮ ቆመ። ከተመዘገቡት ሕመምተኞች አንዷ የሚስቱ ታናሽ እህት ነች። ለምኖ ያስመዘገባት እሱ ራሱ ነበር።

«ለእሷ እንኳ አላዘነችም» አለ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«ማን?» አለች ሚስቱ።

ማን ትሆናለች፣ የገዛ ተማሪው ነቻ። ሰባት ዓመት ሥሩ ሆና ለዶክትሬቷ ስትለፋ ኖራለች፤ ለመመረቅ የቀራት አንድ ወር አይሞላም። ስሟን ከጽሑፉ ላይ ካወጣባት ወዲህ አኩርፋዋለች። ፎቶዎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር የሚከፍቱት ደግሞ እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ለመጽሔቱ የደረሰውን ስም የለሽ ደብዳቤ ቅጂ ከኪሱ አውጥቶ አነበበላት። ሦስት መስመር አይሞላም። ሁለተኛውን ፎቶ ገልብጣችሁ እዩት፣ ከዚያ ከአንደኛው ጎን አስቀምጡት ይላል።

«ተንኮሏን አየሽ? እንዳትታወቅ ብላ አንድ የሳይንስ ቃል አላስገባችም።»

ሚስቱ ስፌቷን ገታ አድርጋ፣ የዳነውን ኩላሊት በዓይኑ አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው።

ሰውየው ደብዳቤውን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ። «ጊዜ ቢሰጡኝ ይድን ነበር» አላት።

መኪናዋ እንደገና መንቀጫቀጭ ጀመረ። እሱም ተነስቶ፣ የጥናቱን ፎቶዎች ሲደረድር እንደሚያደርገው ጨርቋን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን ዘረጋ። ተማሪዋ እምነት በማጉደል ከትምህርቷ እንድትሰናበት የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ሲጽፍ ቆጣ እንኳ አላለም፤ ቁጣም አቅም ይጠይቃል። ፈርሞ ጨረሰና ሰኞ ጠዋት በእጁ እንደሚያስገባው ነገራት። ሰባት ዓመቷን ውኃ በላው ማለት ነው።

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። እሷም ደክሟታል፤ ከማክሰኞ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«ልጅቷን ተዋት» አለችው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»