ጓድ ነጎድጓድ

አካሉ በመካነ ሰላም ከተማ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ልቡን የሰጠው ግን ለመዝገቡ ሳይሆን በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ለሚለጠፈው የሥዕል ታሪክ ነበር።

ታሪኩ ድሮ «አባ ነጎድጓድ» ይባል ነበር። አባ ነጎድጓድ ጥቁር በርኖሱን አንዴ ካራገበ ዓባይን በአየር ይሻገራል፤ ጭቃ የዋጠው የጭነት መኪና ካገኘ በአንድ እጁ መዝዞ ደጎሎ ከተማ ያደርሰዋል። የሚሥለው መምህር ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ታሪኩ ቆመ። አካሉ እርሙን ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጀበት።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ታሪኩ እንደ አዲስ ተጀመረ። ርእሱ «ጓድ ነጎድጓድ» ሆነ። የሠዓሊ ስም የለውም፤ ከግርጌው «በሰፊው ሕዝብ የተሣለ» ይላል። የግል ዝና የፊውዳል አመል ነዋ!

አዲሱ ጀግና በርኖሱን አውልቆ ካኪ ለብሷል። አይበርም፤ ከሰፊው ሕዝብ ተነጥሎ መብረር ምን ይባላል? መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግን እጁን አጣጥፎ አላየም፤ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው ሦስት ሳምንት ወሰደ። በአራተኛው ሳምንት ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ለሌላ ቀን ተላለፈ። መኪናው እስከ መስተዋቱ ሰምጧል።

አካሉ ይህን ውጭ ተናግሮ አያውቅም፤ ሞኝ አይደለም። እራት ሲቀርብ ግን አፉ ይከፈታል።

«ይህን የሣለ ሰው እጁን ቢያሥሩት ለአብዮቱ ውለታ ነው» ይላል። «ደግሞ ዓይኑ! እንደ አባትሽ ቅዱሳን ፈጧል።» አማቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወግዲ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥሉ ነበር።

ሚስቱ እታገኘሁ ታዳምጣለች። አለላ ስለምትነክር ጣቶቿ ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው፤ የጀመረችው ሰፌድ ግን ከመስቀል ወዲህ አንድ ዙር አልጨመረም። ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ማኅበር እየሄደች ወሬ ስትሰልቅ ስለምትውል ነው ባይ ነው አካሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ምን ቢሆን ይሻል እንደ ነበር ጠየቀችው። በርኖሱን ይመልሱለት አላት።

በሳምንቱ ጓድ ነጎድጓድ በርኖስ ደርቦ ወጣ። ከኅብረት ሱቅ ተሰልፎ የገዛው መሆኑ ከሥሩ ተጽፏል። አካሉ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ላብ አጠመቀው። ይህን የተናገረው ቤቱ ውስጥ ነው። ማን ሰማው?

ጀብሪል! ልብስ ሰፊው ጀብሪል በአንድ ግድግዳ ይዋሰነዋል። ማታ ማታ አካሉ ቤት ሲገባ የጀብሪል የስፌት መኪና ቀጥ ይላል። ሰውዬው ለጠየቁት ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አይሰጥም። ሱሪውን መቼ እንደሚጨርስለት ጠይቆት «አልሐምዱሊላህ» ብሎታል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ጆሮ ጠቢ ሳይሆን አይቀርም።

አካሉ ለማረጋገጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ጀግና ስቆ አያውቅም፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ ይስቃል ብሎ ለእታገኘሁ በሹክሹክታ ነገራት።

«ሲስቅ ጥርሱ ይታይ?» አለችው፣ እሷም በሹክሹክታ።

«የላይኛው ብቻ።»

በሳምንቱ ጓድ ነጎድጓድ ሳቀ። የላይኛው ጥርሱ ብቻ ታየ።

አካሉ ጋቢውን ግድግዳው ላይ ወጠረ፤ እታገኘሁ ምስማር አቀበለችው። ጋቢውን ተማምኖ ያ መኪና መቼ ነው ከጭቃ የሚወጣው ብሎ አማረረ። በሳምንቱ መኪናው ወጣ። በጋቢ ውስጥ የሚሰማ ሰው ተራ ልብስ ሰፊ አይደለም። አካሉ በእውነት ፈራ።

በወሩ መጨረሻ እሑድ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ አለ። ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ በሌላ ሰው ሂስ ተጋልጦ ተወሰደ፤ እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም። ራሱን ያጋለጠ ሌላ ሰው ግን በምክር ታለፈ። አካሉ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጀብሪል ሳይቀድመኝ ልቅደም ብሎ ቆረጠ። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ ሴት ስትሰማ ትደነግጣለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አካሉ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ስለ ካኪው፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ፈጠጠው ዓይን፣ እጁ ይታሠር ስላለው ሠዓሊ፣ አንዲት ሳያስቀር ተናዘዘ። ከሴቶቹ ወገን አንዷ ሳሏን ለማፈን ስትታገል ተሰማ።

«ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ሲሰሙ የኖሩት ጓድ ጀብሪል ምስክሬ ናቸው» ብሎ ጨረሰ።

አጠገቡ ያለው ሰው ነገሩን በጀብሪል ጆሮ ጮኾ ደገመለት። ሁለት ጊዜ ደገመለት።

«ወላሂ እኔ?» አለ ጀብሪል። «ከሰባት ዓመት ወዲህ የሰማሁት ነገር የለም። የመግሪብ ሶላት ሲደርስ እንኳ ስፌቱን የማቆመው ጥላውን አይቼ ነው።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ምናለ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ አካሉ፣ ስለ አንተ የደረሰን አንድም ጥቆማ አልነበረም» አለ። «ዛሬ ግን ደረሰን።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ አካሉ ግን ቆንጆ አድርጎ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ነው የደረሰበት።

ምናለ ከኮሚቴው ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያም ጓድ አካሉ ይወሰድ ወይስ ይማር የሚለውን የሚወስነው ተበዳዩ ነው አለ። «የሠዓሊያችንን ማንነት እስከ ዛሬ ደብቀናል። አሁን ይነሡና ፍርዱን ይስጡ።»

አካሉ በሠዓሊው ፊት ሊንበረከክ ተዘጋጅቶ የወንዶቹን አግዳሚዎች አንድ በአንድ ቃኘ። የሚነሣ የለም።

ከሴቶቹ አግዳሚ እታገኘሁ በሰማያዊ ጣቶቿ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።