ዐይን ከቤዙ፣ ጆሮ ከጓንቱ

«ኳሷን እንኳ አላየሽም! መሬት መሬቱን ስታዪ ነበር፤ መርፌ ጠፍቶሽ ነው?»

ኦቱኪሌ ከተመልካቹ መሃል ተነስቶ፣ በጫማው አሸዋ እየዛቀ፣ ሯጮች እስከሚረግጡት አንደኛው ቤዝ ድረስ መጥቷል። የቦትስዋናዋ ሴሮዌ ከተማ ሰው በሳቅ አጀበው።

ኬኔልዌ የዳኛ ኮፍያዋን አስተካከለች። ኳስ በዱላ እየመቱ በሚሮጡበት በሶፍትቦል ጨዋታ የአንደኛ ቤዝ ዳኛ ኳስ አያይም። ዐይኑን ቤዙ ላይ ይተክልና ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማውን ድምፅ ይጠብቃል። ድምፁ የሯጯን እግር ከቀደመ ሯጯ ከጨዋታው ወጥታለች። ይህን አሁን ለዚህ ሰው ማን ያስረዳው?

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ከሜዳ ባባረረችው። ግን ያስወጣቻት ሯጭ ጎራታ ናት፤ ጎራታን ደግሞ ልጇ ሞቱሲ ሊያገባት ነው። ኦቱኪሌ የጎራታ እናት ወንድም ነው፤ እሱ እሺ ካላለ የጥሎሽ ከብት አይነዳም፣ ሙሽራም አትወጣም። የፊታችን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የኬኔልዌ ሽማግሌዎች እሱ ደጅ ሊቆሙ ተቀጣጥረዋል።

«ሽማግሌዎችሽ ይመጣሉ አይደል?» አለ ጣቱን እየነቀነቀ። «ፀሐይ አናታቸውን እስኪበሳው በር ላይ ነው የማቆማቸው! ቤትሽ ሳትገባ እንዲህ ካደረግሻት፣ ከገባች በኋላማ ምን ልታደርጊያት ነው?»

«እባክዎ ከሜዳው ይውጡልኝ» አለች ቀስ ብላ።

«የሞቱሲ እናት፣ አማትነቱን ከአሁኑ ጀመርሽው!» አለ አንዱ ከአጥሩ ሥር።

አንገቷን ያስደፋት ግን የሰዎቹ ነገር አልነበረም። የጓንቱ ድምፅና የጎራታ እግር እኩል ለመምጣት ምንም አልቀራቸውም፤ «ወጥታለች» ለማለት ክንዷ የተነሳው ከሐሳቧ ቀድሞ ነው። ለምራቷ አደላች እንዳይሏት ፈርታ ይሆን? ሐሜት ሽሽት ልጅቷን በድላት ይሆን? እሷም አላወቀችም።

ጎራታ ከጉልበቷ ላይ አሸዋ እያራገፈች መጥታ በሁለቱ መካከል ቆመች።

«አጎቴ፣ በቃ። ኳሷ ቀድማኛለች።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ! እግሬ ገና አየር ላይ እያለ ጓንቱ ጧ ሲል ሰምቻለሁ። ደርሰሻል ብትለኝ ነበር የማፍረው።»

ኦቱኪሌ ልጅቷን አየ፤ ዳኛዋን አየ። መጀመሪያ ቦርጩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «እንግዲህ ተከሳሿ ካመነች ጠበቃው ምን ይሠራል!»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኬኔልዌ ጠጋ አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚመጡት ሴቶች ብርድ ልብሳቸውን ደርበው ይምጡ ይበሏቸው። ብዙም አናቆማቸውም።»

ኬኔልዌ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እፎይታው እንደ ሙቅ ውኃ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ያ ቀድሟት የተነሳው ክንዷ አሁን የራሷ ሆነላት። ጎራታ በአጠገቧ ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

ቀጣይዋ መቺ ዱላዋን አንስታ ቆመች። ወርዋሪዋ ክንዷን አሽከረከረች፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ኬኔልዌ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ቤዙ ላይ ተከለች። ኳሷ ከፍ ብላ ወደ ግራ ሜዳ ስትበር፣ የሁሉም ፊት ወደ ሰማይ ተንጋጦ ሳለ፣ ኦቱኪሌ ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ሰው ታጣፊ ወንበሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በቆሙት መኪኖች መካከል ወደ መንገዱ ወጣ።