እየከበደ የሚሄደው ዓሣ

ቃጭሏ ስታቃጭል ፑዋናኒ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ ጎርሳ ነበር። ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንዳለ ከሸራው ጥላ ተስፈንጥራ ወጣች። ውሃው ዳር በተቀበረው ቱቦ ውስጥ የቆመው የአጎቷ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጎብጧል። ጫፉ ላይ የታሰረችው ቃጭል አብዳለች። ክሩ ከመጠቅለያው እየተተረተረ ወደ ባሕሩ ይሮጣል።

"ትልቅ ነው" አለ አጎት ካዌይካ። "አውጪኝ።"

የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጥለው የልጅ ልጆቹ እስከ አንገቱ በአሸዋ ቀብረውት፣ ውሃ አጠጥተው፣ በአካፋ ጠቅጥቀው፣ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ስሙን በዛጎል ጽፈውለት ነበር። ያማረ መቃብር ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ ከዘመድ አዝማዱ ጋር ሽሮፕ የፈሰሰበት በረዶ ሊበሉ ወደ መንገዱ ወጡ። ድንኳኑን እንድትጠብቅ የቀረችው ፑዋናኒ ብቻ ነበረች።

ተንበርክካ በሩዝ ማንኪያው ትቆፍር ጀመር። አንድ ማንኪያ ስታወጣ ሁለት ማንኪያ ተመልሶ ይገባል።

"ክንዴን አስቀድሚ።"

"የትኛውን?"

"መጀመሪያ ያገኘሽውን።"

ዞር ብላ መጠቅለያውን አየች። "አጎቴ፣ ክሩ ግማሽ ደርሷል። ሄጄ ልያዘው?"

በዚህ ቤተሰብ ሕግ ዘንጉን ከቱቦው የነቀለ እጅ የዓሣው ባለቤት ነው። ሌላ ሰው ካገዘው ዓሣው ይበላል እንጂ አይወራበትም።

"አትንኪው። ወጥቼ እኔው እይዘዋለሁ።"

"መቼ ልትወጣ?"

"ቆፍሪ እንጂ፣ ምን ታወሪያለሽ።"

ቤተሰቡ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ እዚሁ ዋያናይ የባሕር ዳርቻ ላይ ድንኳን ተክሎ ሳምንት ያሳልፋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ፑዋናኒ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ እዚህ ቦታ ኡሉዋ የሚባል አንድ ግዙፍ ዓሣ ተይዞ ነበር። አጎት ካዌይካ በየዓመቱ እራት ላይ ብቻውን እንዴት ታግሎ እንዳወጣው ይተርካል። ዓሣው ከተበላ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክብደት መጨመሩን ግን አላቆመም፤ ዓምና መቶ አሥር ፓውንድ ገብቷል። ፑዋናኒ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ አንድ ነው፦ ድንኳን ውስጥ ተኝታለች።

እሷ የምታስታውሰው ሌላ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ቃጭሏን የሰማችው እሷ ነበረች። ዘንጉን ከቱቦው የነቀለችው እሷ ነበረች። ባሕሩ ሲጎትታት፣ እግሯ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ፣ አንድ ነገር ጣቷን ሲለበልባት፣ ኋላም የአጎቷ ትልልቅ እጆች መጥተው ዘንጉን ሲወስዱባት ትዝ ይላታል። ይህን የተናገረች ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ በሳቅ ወደቀ። "ሕልም ነው ያየሽው፣ የኔ ልጅ" አሏት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሷም ሳትቀር አብራቸው መሳቅ ጀምራ ነበር።

ማንኪያውን ጣለች።

"ወዴት ነሽ?"

"ዓሣዬ ጋ።"

"የማነው ያልሽው? ፑዋናኒ። ለአክስትሽ ለማይሌ እነግርብሻለሁ።"

"ንገራት። መጀመሪያ ግን ተነስ።"

ዘንጉን ስትነቅለው ክንዷ ከትከሻዋ የሚገነጠል መሰላት። ሦስት እርምጃ ተጎትታ ውሃ ውስጥ ገባች። የተሰማት ደስታ ይሁን ድንጋጤ መለየት አቃታት፤ ለመለየትም ጊዜ አልነበራት። ከኋላዋ የሚመጣው እርግማን ለጥቂት ቀጥሎ ቆመ። የዘንጉ ባለቤት አኩርፏል። በውስጡ ያለው ዓሣ አጥማጅ ግን ማኩረፍ አልሆነለትም።

"ቂጥሽን ዝቅ አድርጊ። ተረከዝሽን ትከዪ።"

"እሺ።"

"አትጎትቺው፣ ይሩጥ። ሲደክመው ነው የምትጠቀልዪው።"

"እሺ፣ እሺ።"

"አውራ ጣትሽን ከመጠቅለያው አንሺ። አንሺ አልኩሽ እኮ፣ እንደዚያን ጊዜ ሊላጥ ነው? ሳምንቱን ሙሉ በጨርቅ እየጠቀለልኩልሽ..."

አቋረጠ።

ፑዋናኒ ዘንጉን እንደጨበጠች አንገቷን ብቻ አዞረች። አጎት ካዌይካም ፊቱን ሊያዞር ሞክሮ ነበር፤ አሸዋው ግን አንገቱን ጠፍሮ ይዞታል፤ ስለዚህ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

"ጣቴ መቼ ነው የተላጠው፣ አጎቴ?"

"ዓሣውን እይ።"

"ተኝቼ አልነበር እንዴ?"

"ወደ ግራ እየሄደ ነው። ተከተዪው።"

ተከተለችው። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ፤ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፤ ክሩ ሲላላ ትጠቀልላለች፣ ሲወጠር ትለቃለች፤ ራቅ ብሎ አንድ ብርማ ጀርባ ውሃውን ሰንጥቆ ብቅ አለና ተመልሶ ጠለቀ። ይኼኔ ዘመድ አዝማዱ ከመንገዱ እየተንጋጋ ወረደ። ምላሳቸው በሽሮፕ ሰማያዊ የሆነ ልጆች ይንጫጫሉ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው የአጎቷ ልጅ ካሌኦ ነበር፤ ትከሻው የበር ስፋት አለው። በረዶውን ወርውሮ ለዘንጉ እጁን ዘረጋ።

"አምጪ፣ አንቺ አትችዪውም።"

"እጅህን ሰብስብ" አለ ከአሸዋው ላይ ጭንቅላቱ።

ካሌኦ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። "አባዬ፣ ዘንጉ ያንተ አይደለም እንዴ?"

"ዘንጉ የኔ ነው። ዓሦቹ የእሷ ናቸው።"

"ዓሦቹ? ስንት ናቸው?"

አጎት ካዌይካ አፉ ውስጥ የገባውን አሸዋ ተፋ። ሚስቱን አክስት ማይሌን አየ፤ ወንድሞቹን አየ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ራት ላይ ሲያዳምጡት የኖሩትን ሁሉ ተራ በተራ አየ።

"ሁለት" አለ።

ካሌኦ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሁለተኛውን ዓሣ ፍለጋ ባሕሩ ላይ አፈጠጠ።